መሰላሉን ያነሱበት ቀን

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ሰይድ ትንሿ የእንጨት ዱካው ላይ ተቀምጦ የጥድ አጥር ይከረክም ነበር። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ የወደቀውን ቅጠል እሰበስባለሁ። ነሐሴ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አባርቷል። ሰይድ መርሳ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ነበር። እኔ ወልድያ አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ለክረምት እረፍት መጥቻለሁ።

መጻፍ አይቀናኝም። ጀምሬ ስንት ጊዜ ተውኩት። አሁንም እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ ስላችሁ እኩያዬ እንዳይመስላችሁ። አባታችን በስተርጅና ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነው እኔን የወለደው። ሰይድ የፊተኛዋ የበኩር ልጅ ነው። እኔ ፊደል ስቆጥር የሱ ጺም ሸብቶ ነበር። ወላጆቼ ሲሞቱ ያሳደጉኝ እሱና ሚስቱ ዘሀራ ናቸው። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል። እኔም አንድ ጊዜ ከወልድያ ስመለስ፣ አደግሁ መሰለኝና፣ «እንደምን ሰነበቱ ወንድም ጋሼ» አልኩት።

«ተው» አለኝ። «አንቱ ስትለኝ ጉልበቴ ይሰማና ይብስበታል።»

ከዚያ ወዲያ አንተ እንዳልኩት ቀረሁ።

ቁርጥማት ነበረበት። ከጣቶቹ ጀመረ፣ ወደ ትከሻው ወጣ፣ በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ። ሥራውን ግን አልተወም። አሠራሩን ነው የለወጠው። ፀሐይ ወጥታ ጣቶቹን ሳታፍታታለት መቀስ አይነካም። የመቀሱን እጀታ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ አወፍሮታል፤ ቀጭን እጀታ ጣቱ አይጨብጥለትም። ስለቱን በየጠዋቱ ይስለዋል፣ ከከባድ መኪና ሾፌሮች የለመነውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፤ የደነዘ መቀስ ትከሻ ይጠይቃል። መጎንበስ ስለማይችል ዱካውን እየገፋ ተቀምጦ ይከረክማል። ከፍ ላለው ቅርንጫፍ ደግሞ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ማጭድ አስሮ፣ ከታች ቆሞ እየሳበ ይቆርጣል። እጁ ከደረቱ በላይ አይነሳም ነበርና። የግቢው አጥር ያን ያህል ዝቅ ያለው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ እኔና ዘሀራ፣ ምናልባትም ዘበኛው አያ ይማም ብቻ ነበርን። አላፊ አግዳሚው እንዲሁ ያማረ ይመስለዋል።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ጓድ መጣ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች አሉት፣ እነሱ ምን አደረጉኝ። ጓድ እያልኩ እጠራዋለሁ። ራሱም ከስሙ ይልቅ ይህን ይወድ ነበር። ካኪው ተተኩሶ፣ ሁለት አብዮት ጥበቃ አስከትሎ ገባ። ሰይድ ከዱካው ሊነሳ ሲሞክር ቆሞ ጠበቀው። ተቀመጥ አላለውም።

«ነገ አንድ ትልቅ ጓድ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ ያልፋሉ» አለ። «እዚህ በር ላይ ቅስት ይቆማል። የመሪያችን ሥዕልም ይሰቀላል። እነዚህ በሩ ዳር የቆሙት ሁለት ረጃጅም ጥዶች ይጋርዱታል።»

ትልቁን ሰው እሳቸው ይላል። የአባቱ እኩያ የሆነውን ሰይድን ግን አንተ። ሁሉም ሰው እኩል ነው ብሎ ያስተማረን እሱ ነበር።

«እመለምላቸዋለሁ» አለ ሰይድ። «ዛሬ ጀምሬ ነገ ረፋድ ላይ እጨርሳለሁ።»

«በምን?»

ሰይድ በአገጩ ቀርከሃውን አሳየው። ጓድ ሄዶ ዞረው። እንደ ተያዘ መሣሪያ አየው።

«ይሄ ማጭድ አይደለም?»

«ማጭድ ነው።»

«እንጨት ላይ ምን ይሠራል?»

«ትከሻዬ አይነሳልኝም። ከታች ሆኜ እስብበታለሁ።»

«ማጭድ የገበሬው መደብ ምልክት ነው። ከመዶሻ ጋር አርማችን ነው። አንተ እንደ ወንበዴ አንገት እንጨት ላይ ትሰቅለዋለህ?»

ሰይድ ትንሽ አሰበ። «ማጭዱ እንኳ ሐራ ገበያ የገዛሁት የራሴ ነው» አለ። «መዶሻ የለኝም።»

አንደኛው ጥበቃ ሳቁን ሊውጥ ሳል አስመሰለው። ጓድ ሰማ። ፊቱ ጠቆረ፣ ወዲያው ደግሞ በራ። ሐሳብ መጥቶለታል። ሐሳብ ሲመጣለት ሰው ሁሉ የሚፈራው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

«ፍቱት» አለ። «ቅስቱ አናት ላይ የተቀባ ሳይሆን እውነተኛ ማጭድና መዶሻ ይሰቀላል። በሐብሩ ወረዳ ማንም ያላደረገው!»

«በምን ልመልምል ታዲያ?» አለ ሰይድ።

«መጋዝ አለ። መሰላል አለ።»

«ጉልበቴ መሰላል አይወጣም ጓድ።»

«የአብዮቱ ጉልበት ይወጣል።»

ይህን ያለው ሳይስቅ ነው። እኔ ወጥቼ እቆርጣለሁ አልኩ። ተማሪ ከንጋት ጀምሮ ለመፈክር ልምምድ ይፈለጋል አለኝ። ማጭዱን አስፈትቶ ይዞ ሄደ። ቀርከሃው አጥሩ ላይ ተደግፎ ቀረ።

ማታ ዘሀራ ጨርቅ እያሞቀች ጉልበቱን ስታሽለት፣ «ታመምኩ በልና ቅር» አለችው።

«ታምሜያለሁ እኮ። ያላመመኝ መቼ ነው?»

«እሱን አላልኩህም።»

«አትክልተኛው አሻጥረኛ ነው ይሉና ከግቢ ያስወጡኛል። የዚህ ልጅ ትምህርትም አለ።» ወደ እኔ ዞረ። «ቅርንጫፍ ነው፣ ተራራ አይደለም። ቀስ እላለሁ።»

ዓርብ ጠዋት የከተማው ሰው መንገዱን ይዞ በግራና በቀኝ ተሰለፈ። እኛ ተማሪዎች ከግቢው በር ፊት ለፊት ነበርን፤ ጥዶቹ ይታዩኛል። ቅስቱ ቆሟል። ከላዩ የወንድሜ ማጭድ ከአንድ አናጺ መዶሻ ጋር በሽቦ ተጠላልፎ ታስሯል። ማጭዱ ቀጭን፣ መዶሻው ወፍራም። አላምርም አሉ።

ሰይድ መጋዙን ትከሻው ላይ አንግቶ ሲወጣ አየሁት። አያ ይማም መሰላሉን ከታች ይዟል። አንድ እርከን ይወጣል፣ ሁለቱን እግሮቹን ያገናኛል፣ ያርፋል። ሕፃን ደረጃ ሲማር እንደሚያደርገው። እኛ «ወደፊት!» እንላለን። እሱ ያርፋል።

ብዙውን ቅርንጫፍ ቆረጠ። ሥዕሉ ከሞላ ጎደል ተገለጠ። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቀረ፣ መሰላሉ አያደርስም። ጓድ ከታች በጣቱ ያሳየዋል። ሰይድ መሰላሉን ትቶ ዛፉ ላይ ወዳለ የግንድ መንታ ተሻገረ፣ የቀረውን ቆረጠው። ቅርንጫፉ ወደቀ። ከዚያ እግሩን ወደ መሰላሉ ሰደደ። እግሩ አልሄደም። ደግሞ ሞከረ። ጫማው በእርከኑ ጫፍ ላይ ብቻ አረፈና ቆመ።

ከሰልፉ ወጥቼ ሮጥኩ። ማንም ሳይይዘኝ መሰላሉን ወጣሁ።

«ምን ሆንክ?»

«ቆለፈ።»

«የቱ?»

«ቀኙ። ግራውም ለጓደኛው አዝኖ ነው መሰል አልንቀሳቀስም አለኝ።» ፊቱ ላብ ነበር። ይስቃል ግን። «አትደንግጥ። ጠዋት ጠዋት አልጋ ላይም እንዲህ ያደርገኛል። ይሞቅና ይፈታል።»

«ጀርባዬ ላይ ልዘልህ?»

«ብቻህን አትችለኝም። ገመድ ያስፈልጋል፣ ከታች ሁለት ሰው። ለይማም ንገረው።» በአገጩ ወደ ሥዕሉ ጠቆመኝ። «እስቲ ይህን እይ።»

የሥዕሉን ጀርባ አየሁ። የእርዳታ ዱቄት ጆንያ ነው። የፈረንጅ ፊደሉ ተዘቅዝቆ ይታያል።

«ከፊት ሲያዩት ሰው ይመስላል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይህን ለማየት ነው ለካ የወጣሁት።»

ከታች ጓድ «ውረድ!» እያለ ይጮኻል። ገመድ ላመጣ ወረድኩ። ገመድ ይሰጠን፣ ሁለት ሰው ይታዘዝልን ብዬ ለጓድ ነገርኩት።

«አሁን ሰው አይወጣም፣ አይወርድም። ከእኛ በፊት ያለችውን ውርጌሳን አልፈዋል፤ በስልክ ተነግሮናል።»

«ጉልበቱ ቆልፎበት ነው። ትንሽ ጊዜ ብቻ...»

«እንግዳው ሲያልፉ ከዛፍ ሽማግሌ ስናወርድ ይዩን?»

ሰይድ ከላይ ሰማ። «ጓድ፣ አያስቡ» አለ። «እኔን ቅጠሉ ይሸፍነኛል። መሰላሉን ብቻ ተዉልኝ፣ እግሬን አሳርፌበታለሁ።»

ይህን ባይናገር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ጓድ መሰላሉን እስከዚያ ድረስ አላየውም ነበር። አሁን አየው። የባሕር ዛፍ መሰላል ነው፣ ጭቃ የነካው፣ ከመሪው ሥዕል አጠገብ ተደግፎ የቆመ።

«መሰላሉን አንሱት» አለ።

አያ ይማም የሰማው አልመሰለም። «ምን አሉ ጓድ?»

«አንሳው።»

«ሰው አለበት እኮ።»

«ሰውየው ዛፉ ላይ ነው። መሰላሉ ላይ ማንም የለም። አንሳ!»

ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባበለ። እኔ መሰላሉን አቅፌ ያዝኩ። በሰደፍ ጎኔን መታኝ። ከወደቅሁበት ሳየው ሰይድ እግሩን ከእርከኑ ላይ በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ግንዱ ሲስብ ነበር፤ ይማም እንዳይቸገር። ይማም መሰላሉን ሣሩ ላይ አጋደመው። እኔን ጎትተው ሰልፉ ውስጥ ከተቱኝ።

ቅርብ ናቸው የተባሉት ቶሎ አልመጡም።

ካፊያ ጀመረ። ቆምን። መፈክሩ አለቀብን፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሰይድ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፏል። መቀስ ለመጨበጥ እንኳ የሚለግሙት እነዚያ ጣቶች፣ እርጥብ ቅርፊት ይዘው። መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር።

«ይማም» አለ ከላይ። «እንግዳው ካላለፉ እዚሁ ጎጆ እሠራለሁ። ዘሀራን ጭራሮ አቀብይኝ በላት።»

ሰልፉ ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ በዚያ ቀን የሰማሁት ብቸኛው። ጓድ «ጸጥታ!» አለ። ጸጥ አልን። ከዚያ በኋላ ሰይድ አልቀለደም። ሰይድ ካልቀለደ ሕመሙ አፉ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። እኔ አውቃለሁ። «አውርዱት!» ብዬ ጮኽኩ። አጠገቤ የቆመ መርሳ ያስተማረኝ አንድ የድሮ አስተማሪዬ ክንዴን ጨምቆ፣ «ዝም በል፣ አንተንም ይጨምሩሃል» አለኝ። ለኔ ብሎ ነው። ሁሉም ለኔ ብሎ ነው። የመርሳ ሰው በሙሉ አንድ ሰው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ እያየ፣ እርስ በርሱ እየተዛዘነ ዝም አለ። መሰላሉ ከእግራችን ሥር ሣሩ ላይ ነበር።

መኪኖቹ መጡ። መጡ ማለት ይከብዳል። አለፉ። ከመምጣታቸው ማለፋቸው ፈጠነ። መስታወቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ በእንፋሎት ታፍኗል። ውስጡ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ተኝቶ ነበር። የፊተኛው መኪና ጎማ ከመንገዱ ዳር ያቆረውን ጭቃ አንስቶ የጓድን ካኪ ከላይ እስከ ታች ቀባው። እሱ ግን ያጨበጭባል። የመጨረሻው መኪና በኩርባው ከተሰወረ በኋላም ያጨበጭብ ነበር፤ ጀርባውን ለጥዱ ሰጥቶ።

ከበስተጀርባው ድምፅ ሰማሁ፤ ቅርንጫፍ የተሰበረ መሰለኝ። በዚያ በኩል ያልቆረጠው ቅርንጫፍ እንደሌለ ያሰብኩት ሰይድን ከጥዱ ሥር ወድቆ ሳየው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና እንግዳውን ለማጀብ ሄዷል። ቃሬዛ ሠርተን በእግር ወደ ወልድያ ሆስፒታል አነሳነው። መንገድ ላይ ዓይኑን ገለጠና ይማምን ፈለገ። ይማም ከፊት ተሸክሞ ያለቅሳል።

«ይማም፣ አታልቅስ፣ ቃሬዛው ይናወጣል» አለው። ሌላ አልተናገረም። በመሐል ያለችው ሲሪንቃ ሳንደርስ ሞተ። ኢና ሊላሂ ብለን መንገዱ ዳር አወረድነው። ከዚያ ወደ መርሳ ዞርን። ስንመለስ ቃሬዛው ይበልጥ ቀለለን፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ።

ያን ማታ ጓድ ለለቅሶ መጣ። ካኪውን ቀይሯል። ወንዶቹ መሐል ቆሞ ሰይድን በሥራ ግንባር የተሰዋ ጀግና አለው። ሲወጣ እኔን ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሊያጽናናኝ መሰለኝ።

«እንግዳው ነገ ረፋድ ላይ በዚሁ ይመለሳሉ» አለኝ። «ሁለተኛው ጥድ እንዳልተነካ አይተሃል። አንዱ ተመልምሎ አንዱ ሲቀር ደስ አይልም። የወንድምህን ሥራ ታውቃለህ።»

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ መልሴ ይህ ነው። ጓድ ጨካኝ ሰው አልነበረም። ይህን ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል። ጨካኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ንጹሕ ነገር የሚወድ ሰው ነበር። መሰላል ከሥዕል አጠገብ ሲያይ የሚቀፈው፣ ሰው ዛፍ ላይ ሲያይ ግን የማይቀፈው። እንዲህ ያለ ሰው ካኪ ለብሶ ብቻ አይመጣም። መንግሥት ሲለወጥ ልብሱን ይለውጣል። አንባቢዎቼ፣ እናንተም አውቃችሁት ይሆናል። እናንተም ሆናችሁት ይሆናል። ግቢያችሁ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ አጥር የሚከረክም ሽማግሌ ካለ፣ ለምን ቆሞ አይሠራም አትበሉ። ያሰረውን ማጭድ አትፍቱበት። ያ ዘንግ ትከሻው ነው።

ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ግን ይህን ቃል ንቄዋለሁ። ቀኑ አልደረሰም። መሰላሉ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሞተ ሲሉኝ በምን ሞተ አልልም፤ ማን አጠገቡ ቆሞ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ብዙ ወዳጅ አላተረፈልኝም። በማግስቱ ላደረግሁት ነገርም ቀበሌ ታስሬያለሁ፣ ትምህርቴም እዚያው ቆመ። አልቆጨኝም። እሱን ነግሬያችሁ ልጨርስ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበርነው። ከቀብር ሲመለስ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲያመራ እኔ ወደ ግቢው ታጠፍኩ። የት ነው የምትሄደው አላሉኝም፤ ተከተሉኝ። ወንዶቹ የቀብር አፈር እጃቸው ላይ እንዳለ። ጓድ በሩ ላይ ይጠብቀኛል፤ ሲያየኝ ሰዓቱን አየ። መሰላሉን ከሣሩ አንስቼ ሁለተኛው ጥድ ላይ አቆምኩት። መውጣት ጀመርኩ።

«መጋዙስ?» አለኝ።

መንታው ድረስ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«ምን እያደረግህ ነው? ቁረጥ እንጂ!»

ውረድ አለኝ። አልወረድኩም። ሲሰድበኝ ቆየና፣ ሩቅ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ።

«መሰላሉን አንሱት!»

አያ ይማም ቀድሞ ደረሰ። መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ፣ ግንባሩን እርከኑ ላይ አስደገፈ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ያዘ። ከዚያ ሌላ። አስተማሪዬ በመጨረሻ መጣ፤ ቦታ ስላጣ የይማምን ኩታ ያዘ። ጥበቃው ጠመንጃውን አነሳ፣ ጓድን አየ፣ አወረደው።

ትናንት የት ነበራችሁ ልላቸው አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋቸውም።

መኪኖቹ አለፉ። ከላይ ሆኜ ጣሪያቸውን ብቻ አየሁ። ጓድ ብቻውን አጨበጨበ። እኔ ሁለቱም እጆቼ ግንዱን ይዘው ነበር።